ክረምቱን ልጆቹን የት እናውላቸው?



ሰኔ ሲጋመስ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ መልእክት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። «ቲቸር፣ ትምህርት ሊዘጋ ነው፤ ልጆቹን ክረምቱን የት ላውላቸው?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። ያኔ «ትምህርት መቼ ነው የሚዘጋው?» እያሉ ያደርቁኝ የነበሩት ዛሬ «ትምህርት ሲዘጋ ምን ልንሆን ነው?» ባይ ሆነዋል። ወላጅ መሆን እንዲህ ነው።

ዘንድሮ ከመጡልኝ መልእክቶች ሁለቱ ከአእምሮዬ አልወጡም። አንዷ የጻፈችልኝ ከአሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዳር ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ7 እና የ11 ዓመት ልጆች አሏት። «ሰመር ካምፕ እየፈለግሁላቸው ነው። ደህና የሚባለው ለአንድ ልጅ በሳምንት 400 ዶላር አካባቢ ይላል። ዕረፍቱ ደግሞ አሥር ሳምንት ነው። ባለቤቴ ሌሊት ይሠራል፣ እኔ ቀን። ምን ይመክሩኛል?» ትላለች።

ሁለተኛው እዚሁ ድብ ባሕር ያለ ገበሬ ነው። መልእክቱ አጭር ናት። «ቲቸር፣ ልጁ 15 ዓመቱ ነው። ከጓደኞቼ ጋር መተማ ለአረም ልውረድ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። ልከልክለው ወይስ ልተወው?»

ሁለቱ አንድ ክፍል የተማሩ ልጆች ናቸው። ጥያቄያቸው ሰማይና ምድር ይመስላል፤ ግን አንድ ነው። ትምህርት ቤቱ በሩን ሲዘጋ ልጁን ማን ይረከበዋል? ለየብቻ ከምመልስላቸው ሌሎቻችሁም ብታዩት ይጠቅማል ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ረዘም ስለሚል ቡና እስኪፈላ አንብቡት።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። በእኛ በኩል «ካምፕ» ሲባል ለልጅ ጨዋታ የሚታሰበው ሰው የለም። የወታደር ካምፕ አለ። ዳባት ላይ አለምዋጭ የስደተኞች ካምፕ አለ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሲመጣ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል የተፈናቀለው ሰው ደባርቅ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነበር የተጠለለው፤ ያንንም ካምፕ ነበር የምንለው። መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ የሚያድርበትም ካምፕ ነው። ከዚያ ደግሞ እላይ ስሜን ተራሮች ውስጥ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጭንቅ የሚባሉት አሉ፤ ቱሪስት ድንኳን የሚተክልባቸው። ከሰው ሁሉ ርቆ ብርድ ላይ ለማደር ገንዘብ የሚከፈልበት ካምፕ ይኼ ብቻ ነው። የእኛ ልጆች የሚያውቁት ግን በቅሎ እየነዱ የሰው ዕቃ ሲያደርሱ ነው።

የአሜሪካው ሰመር ካምፕም ቢሆን አመጣጡ ከወታደር ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ኮነቲከት ውስጥ ፍሬድሪክ ገን የሚባል የትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ የተጀመረበት ዓመት ነው። ተማሪዎቹ እንደ ወታደር ተሰልፈን፣ ድንኳን ተክለን ካላደርን ብለው አስቸገሩት። እሱም ይዟቸው ወጣና በእግር ተጉዘው ባሕር ዳር ሰፈሩ፤ እየዋኙ፣ ዓሣ እያጠመዱ ሁለት ሳምንት ያህል ቆዩ። ብዙዎች የመጀመሪያው ሰመር ካምፕ የሚሉት ይህንን ነው። ልብ በሉ፣ ያ ሰውዬ የያዘው ድንኳንና እግር ብቻ ነው። ሳምንቱን 400 ዶላር የሚያስብል ነገር አልነበረበትም።

ሌላም ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የሰመር ዕረፍት የተፈጠረው ልጆች እርሻ እንዲያግዙ ነው ሲባል እንሰማለን። የትምህርት ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው ይላሉ። ገበሬ ልጁን የሚፈልገው በዘርና በአጨዳ ወቅት ነው። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገጠር ትምህርት ቤቶች በሙቀቱም ወቅት ያስተምሩ ነበር። በሙቀቱ ወቅት መዝጋትን ያመጡት ከተሞቹ ናቸው፤ ክፍሉ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሀብታሙም ቤተሰቡን ይዞ ከከተማ ይወጣል።

የእኛ ክረምት ግን እውነትም የዝናብና የእርሻ ነው። ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይጨቀያል፣ ሊማሊሞ ላይ ጉም ወርዶ አምስት ሜትር አያሳይም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ማሳው ሁሉ አዝመራ ነው። በበጋ ከብቱ በቃርሚያው ላይ እንደፈለገ ይሄዳል፤ በክረምት አንዲት ላም ለደቂቃ ብትዘነጋ የጎረቤት ገብስ ውስጥ ናት፣ ከዚያ ሽማግሌና ካሳ ነው። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ልጅ ይፈለጋል። ዕረፍት የምንለው ለገጠር ልጅ የሥራ ወቅት ነው። ይህን ሳያውቅ ለገጠር ልጅ የክረምት ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ባዶ ክፍል ያስተምራል።

እንዲያም ሆኖ ክረምቱ የራሱ ትምህርት ቤት ነበረው። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል፣ አቡጊዳ፣ ዳዊት እያለ ይቀጥላል፤ በሙስሊሞቹ በኩል ልጁ ቁርዓን ሊቀራ ይሄዳል። ፍልሰታ ሲገባ ቤተ ክርስቲያኑ በልጅ ይሞላል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ወንዶቹ ግን ጅራፉን መግመድ የሚጀምሩት ቀደም ብለው ነው፤ ማን ያወጣል፣ ማን ይቀበላል፣ ሙልሙሉ እንዴት ይካፈላል የሚለውን ራሳቸው ናቸው የሚወስኑት። ያለ አንድም አዋቂ! ሴቶቹም በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል እያሉ በነሐሴ አጋማሽ አደባባይ ይወጣሉ። ፈረንጅ «ሊደርሺፕ» ብሎ በካምፕ የሚያስተምረውን የእኛ ልጅ በሆያ ሆዬ ይማረው ነበር።

ብቻ ይኼን ስል የድሮ ነገር ሁሉ ማር ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እረኝነት ዋሽንት ብቻ አይደለም። በረዶ የቀጠቀጠው፣ መብረቅ የወረደበት፣ በብርድ ደረቱን ታሞ የቀረ ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። መስከረም ላይ «ከብት የሚጠብቅ የለም» ተብሎ ዳግም ክፍል ያልገባም እንዲሁ። ሴቷ ደግሞ ክረምት ከክረምት ውኃ፣ ወፍጮና ታናናሾቿ ላይ ናት፤ ለእርሷ ዕረፍት የሚባለው ነገር ደብተሯን የምታስቀምጥበት ወቅት ነው እንጂ የምታርፍበት አይደለም።

አሁን ደግሞ የተጨመረ ነገር አለ። በክልላችን በጦርነቱ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ለእነርሱ በጋውም ክረምት ሆኗል። ድሮ የጎንደር ልጅ ለክረምት አያቱ ጋ ገጠር ይላክ ነበር፤ ዛሬ መንገዱን ማን አምኖ? እገታ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ «ልጁን የት ላውለው» የሚለው የቅንጦት ጥያቄ ነው ለሚሉኝ፣ አይደለም እላለሁ። ከትምህርት አንድ ዓመት የጎደለበት ልጅ ክረምቱም በዋዛ ካለፈበት መመለሻው እየራቀ ነው የሚሄደው።

እሺ፣ ምን አለ? ጎንደርና ደባርቅ ላላችሁ የማውቀውን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት። በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ አለ። ወላጅ ወደዚህ የሮጠው በምክንያት ነው፤ በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ያስደነግጣል። ነገር ግን አንድ ምክር አለኝ። ማጠናከሪያ ማለት የሚቀጥለውን ዓመት ፊዚክስ አስቀድሞ መጋት አይደለም። ልጁ አንድ ገጽ አንብቦ ምን እንደሚል መናገር ካልቻለ ችግሩ ፊዚክሱ ላይ አይደለም። 7ኛ ክፍል ደርሶ ማካፈል የሚከብደው ልጅ ወደ ማካፈል ነው መመለስ ያለበት። ክረምት ለዚህ ጥሩ ነው፤ ፈተና የለም፣ ደረጃ የለም፣ አያሳፍርም።

ሁለተኛ፣ የበጎ ፈቃድ ትምህርት። ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲመለሱ ታናናሾቻቸውን በነጻ የሚያስተምሩበት ልማድ አለ። ወረዳችሁን ወይም ቀበሌያችሁን ጠይቁ። ከሌለም ሰፈራችሁ ውስጥ ያለችውን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጠይቋት። አብዛኞቹ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው እንጂ ደስ እያላቸው ነው የሚያደርጉት።

ሦስተኛ፣ የሳይንስና የኮምፒዩተር ሥልጠና። ዩኒቨርሲቲዎች የስቴም ማዕከል አላቸው፤ የባሕር ዳሩ የታወቀ ነው። ጎንደርና ደባርቅ ያላችሁ የየዩኒቨርሲቲዎቻችሁን የማኅበረሰብ አገልግሎት ቢሮ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሐምሌ ከገባ በኋላ የሚጠይቅ ሰው «ሞላ» ይባላል። የኮምፒዩተር ነገር በደሙ ያለ ልጅ ካላችሁ ኢንሳ በክረምት ለታዳጊ ባለተሰጥኦዎች የሚያዘጋጀው ካምፕ አለ፤ ተመርጦ ነው የሚገባበት። ኔት ያለው ደግሞ ሐምሌ 2016 የተጀመረውን የ«አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና በነጻ መማር ይችላል፤ ሲጨርስ የምስክር ወረቀት አለው። ኔት ሲኖር ነው እንግዲህ። ያንን እናንተም ታውቁታላችሁ።

አራተኛ፣ ኳስ። «ፕሮጀክት» የምንለው የታዳጊዎች ቡድን። ፋሲል ከነማ በ2013 ዋንጫ ከበላ ወዲህ ጎንደር ላይ ኳስ የማይመኝ ልጅ የለም። አሠልጣኙ ጥሩ ሰው ከሆነ ልጅን ከመጥፎ ቦታ ለማራቅ ከኳስ የሚበልጥ አላየሁም። ሴቶችም ይጫወታሉ፤ «ሴት ልጅ ኳስ» የምትሉ እዚህ ጋ ዝለሉት።

አምስተኛ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ቄስ ትምህርት ቤት፣ መድረሳ። ዋጋው ትንሽ፣ ቦታው ቅርብ፣ መምህሩ የሚታወቅ። በግዕዝም በዓረብኛም ቢሆን በቃል መያዝና ጮክ ብሎ ማንበብ የለመደ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲመጣ እኔ እለየዋለሁ።

ስድስተኛ፣ የራሳችሁ ከተማ። ጎንደር ተወልዶ የፋሲል ግንብን ከአጥር ውጭ ብቻ የሚያውቅ ስንት ልጅ አለ? እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። አንድ ቀን ግንቡን፣ አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ አንድ ቀን ቁስቋምን አሳዩት። ደባርቅ ያላችሁም እንደዚሁ። ፓርኩ በ1962 ነው የተቋቋመው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ በመጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ነው ተብሎ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ዋልያና ጭላዳ የት እንደሚውሉ የሚያውቅ ጎረቤት አያጣችሁም። ልጁ ሲመለስ ያየውን አንድ ገጽ ይጻፍ። ይኼው፣ ካምፕ ማለት ነው።

ከእነዚህ የትኛውንም ስትመርጡ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሽውም ጨምሮ፣ ከማስታወቂያው በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

ልጄን የሚይዘው ሰው ማን ነው? ስሙን፣ ሥራውን፣ ከዚህ በፊት ማንን እንዳስተማረ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ መጠየቁ ቅር የሚያሰኘው ሰው ልጅ አይሰጠውም።

አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻውን የሚሆንበት ሁኔታ አለ ወይ? መልሱ «የለም» መሆን አለበት። አዳር ካለ ደግሞ ሴቶችና ወንዶች የት የት እንደሚያድሩ፣ ማን አብሮ እንደሚያድር፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ።

ስንት ሰዓት ይወጣል፣ በምን ይመለሳል? በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው፤ ቶሎ ይጨልማል። 11 ሰዓት የሚያልቅ ፕሮግራም ለሴት ልጅ የማይሆን ፕሮግራም ነው።

ቢያመው ለማን ይደወላል?

የመጨረሻው፣ ልጁ ራሱ ወዶታል ወይ? በግድ የተላከ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ የሚማረው መዋሸት ነው።

አሁን ወደ ድብ ባሕሩ ልመለስ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት በዋናነት ለእርሱ ነው።

የደጋ ልጅ መተማና ሁመራ የሚወርደው ሥራ ፈት ሆኖ አይደለም። ደብተር፣ ጫማ፣ የቤት ኪራይ ይፈልጋል። የሰሊጥ አረም ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ከትምህርት ዕረፍት ጋር ልክክ ይላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አረሙ ሲያልቅ አጨዳው ይመጣል፤ ሰሊጥ ሲደርስ አይጠብቅም፣ ከቆየ ይረግፋል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ የቀን ክፍያው ይጨምራል። ልጁ «አንድ ወር ልጨምርና» ይላል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ግን መስከረም ነው። ልጆች በዚህ መንገድ ሲቀሩ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ «ትምህርት አቆምኩ» ያለ የለም፣ በአንድ ወር አንድ ወር ነው የቀሩት።

አንድ ተማሪዬን ላንሳላችሁ፣ ስሙ ይቅር። 9ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፎ ለአረም ወረደ። መስከረም አልመጣም። ጥቅምት አልመጣም። ኅዳር ላይ መጣ፤ ግን የመጣው ልጅ የማውቀው አልነበረም። ከስቶ፣ ሆዱ በግራ በኩል አብጦ፣ ፊቱ ገርጥቶ። ወባ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወስዷል፤ ትኩሳቱ ይመለስበታል። ጎንደር ሲደርስ ካላዛር ሆኖ ተገኘ።

ካላዛርን የማታውቁት ካላችሁ፣ የሚያስተላልፋት በጣም ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ናት። በመተማና በሁመራ ቆላ፣ በዋልካ መሬት ስንጥቅ፣ በኩይሳና በግራር ሥር አካባቢ ትገኛለች፤ ሌሊት ውጭ የተኛውን ሠራተኛ ትነክሰዋለች። የቆላው ሰው ብዙው ለምዶታል፤ በአብዛኛው የሚያጠቃው ከደጋ የሚወርደውን እንግዳ ነው። ካልታከሙት ይገድላል። ከታከሙት ግን አብዛኛው ይድናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። ልጁ እዚያ ታክሞ ዳነ። ዓመቱ ግን አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ክፍል የገባው እናቱ በየሳምንቱ እየመጣች «አለ ወይ?» እያለች ስለጠየቀችን ይመስለኛል።

እናም አደራ፣ ይቺን ብቻ እንኳ ያዙልኝ። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የወባ መድኃኒት ወስዶም ካልተሻለው፣ እየከሳ ከሄደ፣ ለጤና ባለሙያው መጀመሪያ የሚነገረው ነገር «ቆላ ወርጄ ነበር» የሚለው ነው። ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰው ታድናለች።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ልከልክለው ወይስ ልተወው» ነበር። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ዘንድሮ አልሰደውም። 15 ዓመቱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ የ2011ዱ ቁጥር 1156፣ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ሌሊትም ሆነ በትርፍ ሰዓት አታሠሩት ይላል። የሰሊጥ እርሻ ላይ 7 ሰዓት ሞላህ፣ ግባ የሚለው ማን አለ? መንገዱም እንደምታውቀው ነው።

ግን «አትሄድም» ብለህ ብቻ አትተወው። የሄደበት ምክንያት ካልተነሳ ሌሊት ተነሥቶ ይሄዳል። ስንት ብር እንደሚፈልግና ለምን እንደሚፈልግ ቁጭ ብለህ ጠይቀው። ጫማና ደብተር ከሆነ እዚያው የሚገኝ መላ አለ። አንድ በግ በስሙ አድርግለት፤ አሳድጎ ለዘመን መለወጫ ይሽጣት። ገንዘቡ የራሱ ይሁን፤ እንዳትነካበት! የጎረቤት ልጆች ያስቆጥር፣ ያስነብብ። ልጅ የራሱ ብር ሲኖረው ወደ ቆላ የሚያየው ዓይኑ ይቀንሳል። አልሆነም ብሎ ከወረደ ግን ከሚታወቅ ዘመድ ጋር ይሁን፣ አጎበር ይያዝ፣ መሬት ላይ ውጭ አይተኛ፣ ነሐሴ መጨረሻ እንዲመለስም ቃል ያስገባው። የመመለሻ ቀን የሌለው ጉዞ ነው የሚያስፈራኝ።

ደግሞም ድብ ባሕር ላይ ምንም ነገር አይሞከርም ያለው ማን ነው? ከዓመታት በፊት ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከእኔ ጋር ሆነው በክረምት አርባ የሚሆኑ ልጆች ሰብስበው ነበር። በጀት የሚባል አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ከፈተልን። ጠመኔና አንድ ኳስ ገዛን። ወላጆች በተራ ቆሎና ዳቦ ያመጡ ነበር።

መጀመሪያ ሳምንት የመጣው ግማሹ ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ ከብት። ስለዚህ ሰዓቱን ቀየርነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ዝናቡ ሳይመጣ። አዋቂው እርሻ በማይገባበት የበዓል ቀን ከብቱን እሱ ይጠብቃል፣ ልጁ ይመጣል። በሌላው ቀን የአንድ ሰፈር ልጆች ከብቱን አንድ ላይ አድርገው ሁለቱ ይጠብቃሉ፣ የቀሩት ይማራሉ፤ በማግስቱ ይቀያየራሉ። የቀሩት ያመለጣቸውን የሚያስተምሯቸው ራሳቸው ልጆቹ ነበሩ። እርግጠኛ ነኝ፣ በዚያ ክረምት ከእኛ ይልቅ እርስ በርሳቸው ነው የተማማሩት።

ለሴቶቹ ደግሞ ታናናሾቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ፈቀድንላቸው። አንዷ ሁልጊዜ ወንድሟን አዝላ ነበር የምትመጣው፤ ልጁ ይተኛል፣ እርሷ ሰሌዳ ላይ ትሠራለች። መስከረም ላይ ሁሉም ተመልሰው ተመዘገቡ ብል ውሸት ነው። አብዛኞቹ ግን ተመዘገቡ፤ የቀሩትንም ስማቸውን ስለምናውቅ ቤታቸው ሄደን ጠየቅን። የክረምት ፕሮግራም ትልቁ ጥቅም የሚመስለኝ እሱ ነው። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ከዓይን አይጠፋም። መስከረም ላይ ሲቀር መቅረቱ ይታወቃል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ የሲልቨር ስፕሪንጓ። 400 ዶላሩ ላይ አትቸኩይ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የመዝናኛ ክፍል የራሱ ካምፖች አሉት፤ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብም የክፍያ ድጋፍ ይሰጣል። ምዝገባው የሚጀመረው ግን ገና በብርዱ ወራት ስለሆነ ለከርሞ ከአሁኑ ቀኑን ያዢ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በነጻ የክረምት ንባብ ፕሮግራም አለው። ከዚያ ደግሞ እዚያ ሰፈር ሐበሻ ሞልቷል። አራት ቤተሰብ ሁኑ። በሳምንት አንድ አንድ ቀን እረፍት ያላችሁ ወላጆች የአራቱንም ቤት ልጆች በየተራ ያዙ፤ አራት ቀን ተሸፈነ ማለት ነው። ወላጆቻችን ከብቱን እንዳስጠበቁት ተራ ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። በእነዚያ ቀናት አማርኛ ይነገር። ፊደል በሁለት ወር ያልቃል፤ አስተምሬ አውቀዋለሁ።

እና አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጆችሽ ነሐሴ 13 ቀን ሆያ ሆዬ ይበሉ። ጎረቤቱ ፈረንጅ ግራ ቢገባው ይግባው፤ እነርሱም በጥቅምት መጨረሻ ከረሜላ ስጡን እያሉ በር ያንኳኳሉ አይደል?

የቀራችሁ ወዳጆቼ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ክረምት ላይ ልጅ የሚያስተምር፣ ኳስ የሚያሠለጥን፣ መጽሐፍ የሚያስነብብ ካለ እዚህ ሥር ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉልን። ስልክና የሰው ስም ያለፈቃድ አታስገቡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆናችሁ ደግሞ ቤት ስትመለሱ መጀመሪያ ሳምንት ተኙ፤ ይገባችኋል። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ጠመኔ ግዙና ወደ ትምህርት ቤታችሁ ብቅ በሉ። ዘበኛው ያውቃችኋል።

ለድብ ባሕሩም ነገ ጠዋት እደውልለታለሁ። ልጁን ራሱን አነጋግረዋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ክረምቱ የሰላም፣ አዝመራው የጥጋብ ይሁንልን።